አንድ ጃኬት፣ አንድ ገዢ፦ ስለ ሰልባጅ ሱቆችና ስለ ቲክቶከሮች የሚባለውና እውነታው

ያገለገለ ልብስ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከሌላ ልብስ ቤት የሚለየው እያንዳንዱ ዕቃው አንድ ብቻ በመሆኑ ነው። አዲስ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ አንዱን ሸሚዝ በየቁጥሩና በየቀለሙ ይደረድራል፤ ሲያልቅም ያስመጣል። ሰልባጅ ሻጩ ግን ዛሬ የሸጠውን ጃኬት ነገ ቢፈልገው አያገኘውም። የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች እንዲህ ላለው ሱቅ ወጣት ደንበኛ ስለማምጣታቸው ሲወራ ከሚሰሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የመጡ ናቸው።

ከሁሉ የቆየው ግምት ግን ሌላ ነው፤ ሰልባጅ የችግረኛ ልብስ ስለሆነ ወጣት አይደፍረውም ይባላል። በእርግጥ ቃሉ በአማርኛ እስከ ዛሬ ለስድብም ያገለግላል። ገበያው የሚናገረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣሊያን ሚላኖ የተመሠረተውና ኋላ መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ዴፖፕ፣ ሰዎች ያገለገለ ልብሳቸውን በስልክ የሚሻሻጡበት መተግበሪያ ነው። የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ ኤትሲ በ2021 በ1.625 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ፣ ከዴፖፕ ንቁ ተጠቃሚዎች 90 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ26 ዓመት በታች እንደሆነ ገልጾ ነበር።

ወጣቱን ከሱቁ የሚያርቀው ብዙ ጊዜ አለማወቅ ነው፤ ከተቆለለ ልብስ መካከል ምን እንደሚመረጥ፣ እንዴትስ እንደሚመረጥ። ጥሩ ቪዲዮ የሚሠራው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አቅራቢዋ የአንገትጌውንና የብብቱን ጨርቅ ገልብጣ ታሳያለች፣ ዚፑን ከፍታ ትዘጋለች፣ ስፌቱን ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች፣ የሰፋውን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ አስጠብባ ስትመለስ ትታያለች። ቁጥርም ያሳስታል፤ በብሪታንያ 12 ተብሎ የተጻፈበት የሴት ቀሚስ በአሜሪካ 8፣ በአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ 40 ገደማ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አቅራቢዎች ቁጥሩን ትተው የትከሻውንና የወገቡን ስፋት በሜትር ለክተው በሴንቲ ሜትር ይናገራሉ። እንዲህ ያለውን ትምህርት ያየ ሰው የታየው ልብስ ባይደርሰውም ሱቅ ገብቶ ለራሱ መምረጥ ይችላል።

ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ብዙ ገዢ ያመጣል የሚለውም አባባል በአዲስ ዕቃ ገበያ ሊሠራ ይችላል። ለሰልባጅ ሱቅ ግን ሒሳቡ አይገጥምም። አንድ ሚሊዮን ሰው ባየው ቪዲዮ ላይ የታየውን ጃኬት የሚገዛው አንድ ሰው ነው። ከተመልካቾቹ የሚበዙት ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ይኖራሉ፤ ሮጠው የመጡትም ጃኬቱ ተሽጦ ሲያገኙ አኩርፈው ይመለሳሉ። በ2022 የብሪታንያው የቴሌቪዥን ትርኢት ላቭ አይላንድ ከኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ጋር ተስማምቶ ተወዳዳሪዎቹን ያገለገለ ልብስ ሲያለብስ፣ ያ ሁሉ ተመልካች ለኢቤይ የሚጠቅም ነበር፤ አንዱ ልብስ ቢያልቅ ሚሊዮኖች ሌሎች አሉትና። ሁለት መስቀያ ላለው ሱቅ የሚበጀው ግን እዚያው ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ሺህ ተከታዮች ያሉት፣ በአካባቢው የሚታወቅ ሰው ነው። የሚቀረጸው ነገርም ቢለወጥ ይሻላል። ቪዲዮው ስለ አንድ ጃኬት ከሚያወራ ሱቁን ቢያስተዋውቅ፣ አዲስ ቦንዳ (የልብስ ጥቅል) የሚፈታበትን ቀን ቢናገር፣ ባለሱቋ ልብስ ስትለይ ቢያሳይ፣ ጃኬቱ ከተሸጠም በኋላ ሰው ማምጣቱን ይቀጥላል።

ታዋቂ ሰው መቅጠርም የግድ አይደለም። ቲክቶክ ቪዲዮዎችን የሚያሰራጨው በተከታይ ብዛት ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ ከዚህ በፊት ቆም ብሎ ያየውን እየተከታተለ ስለሆነ፣ ባለሱቋ ራሷ በስልኳ የቀረጸችው ነገር ከማታውቀው ሰው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ብዙ ልብስ ሻጮች ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍተው ፎቶ፣ ቁጥርና ስልክ ይለጥፋሉ፤ ሲሸጥ «ተሽጧል» ብለው ይጽፋሉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለዋ ልማድ ግን ማንን እንደምትጠቅም ለመረዳት ያስቸግራል፤ ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍር ወጣት ዝም ብሎ ያልፋል።

በነጻ የተሰጠ ልብስን ማሳየት ማስታወቂያ አይደለም የሚል እምነት በባለሱቆችም በተጽዕኖ ፈጣሪዎችም ዘንድ አለ፤ ግን ስህተት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለተጽዕኖ ፈጣሪዎች ባወጣው መመሪያ ክፍያ፣ ስጦታ፣ ቅናሽ፣ ዝምድናም ጭምር ሊገለጽ የሚገባው ግንኙነት እንደሆነ አስቀምጧል። መግለጫውም ተመልካች በማያየው ቦታ መደበቅ የለበትም።

ቲክቶከሮች ሱቆቹን አራቁተው ለድሃ የሚሆን ልብስ አሳጡ የሚለው ክስ ግማሽ እውነት አለው። በሀብታም አገሮች ለበጎ አድራጎት ሱቆች የሚሰጠው ልብስ እዚያው ከሚሸጠው በእጅጉ ይበልጣል፤ የተረፈው ተጠቅልሎ ወደ ሌላ አገር ይላካል። በስዋሂሊ ሰልባጅን የሚጠሩበት «ሚቱምባ» የሚለው ቃልም «ጥቅሎች» ማለት ነው። በጋና አክራ ወደሚገኘው ካንታማንቶ ገበያ በየሳምንቱ 15 ሚሊዮን ያህል ልብስ እንደሚገባ ይገመታል። ስለዚህ ልብስ በጠቅላላው አልጠፋም። የሚጠፋው የተወሰነው ዓይነት ነው፦ ጥሩ የክረምት ካፖርት፣ ወፍራም ሰው የሚለብሰው ቁጥር፣ በዚያ ሰሞን ቪዲዮ ላይ የወጣ ፋሽን። ለትርፍ የሚገዙ ሰዎችም ቀድመው የሚለቅሙት እነዚህኑ ነው። በአንጻሩ ያገለገለ ስለሆነ አካባቢን አይጎዳም ብሎ በአንድ ቀን 20 ልብስ ሸምቶ ለካሜራ መዘርገፍም ስህተት ነው፤ ያልተለበሰው ልብስ ዞሮ ያው ቆሻሻ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ከውጭ የተወሰደ ምክር ሁሉ አይሠራም። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ጉምሩክ ያዝኩት ብሎ በሚዘረዝራቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች ውስጥም ስሙ አይጠፋም። ብዙ ተመልካች ሁልጊዜ ትርፍ ነው የሚለው ግምት እዚህ ይፈርሳል፤ የቦንዳ መፍታት ቪዲዮ ደንበኛም ተቆጣጣሪም ያየዋልና። ሰዎች እዚሁ ለብሰው የተዉትን ልብስ ገዝቶ፣ አጥቦና ጠግኖ የሚሸጥ ሱቅ ግን ሌላ ነው። ልዋጭ እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ነጋዴዎች አሮጌ ልብስ በዕቃ ሲለውጡ የኖሩት ስልክ ካሜራ ሳይኖረው በፊት ነው፤ ከእነሱ የሚገዛ ሱቅ ዕቃው ከየት እንደመጣ በቪዲዮው ላይ በግልጽ መናገር ይችላል።