ማክሮና አራት ነጥብ፦ በእጅ መልቀም ይብቃ

ማክሮ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ከዚያ በኋላ በአንድ ቁልፍ የሚደገም የእርማት ሥራ ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ ባሉ ቢሮዎችና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ቀኑን ሙሉ በእጅ የሚለቀመው ስህተት አብዛኛው የማክሮ ሥራ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኢማክስ የተባለው ኤዲተር በ1976 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የማክሮዎች ስብስብ ነበር።

1. አቀራረጹ። በወርድ ቪው፣ ማክሮስ፣ ሪከርድ ማክሮ ተብሎ ስምና አቋራጭ ቁልፍ ይሰጠዋል። ሥራው አንዴ ይሠራና ቀረጻው ይቆማል። በቀረጻ ጊዜ ጽሑፍ በማውስ አይመረጥም፤ ሆም፣ ኤንድ፣ ሺፍትና ቀስቶቹ ይበቃሉ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ማክሮውን እስከ ፋይሉ መጨረሻ ይደግመዋል። የሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች የስም ዝርዝር ሲስተካከል በእጅ የሚሠራው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። የስም ርዝመት ስለሚለያይ ፊደል እየተቆጠረ አይኬድም፤ ኮንትሮልና ቀስት ተይዞ በቃል በቃል ይኬዳል። ቀረጻው የሚያልቀው ከርሰሩ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ነው።

2. ቅደም ተከተሉ። በብዛት የሚታየው ስህተት በ«።» ፋንታ «፡»ን ሁለት ጊዜ መምታት ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን «።» 4962፣ «፡» 4961 ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «፡፡»ን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አድርጎ አይቆጥረውም፤ «።» ተብሎ ሲፈለግም አይገኝም። ማክሮው መጀመሪያ «፡፡»ን በ«።» ይተካ። ነጠላውን «፡» በባዶ ቦታ መተካት ከቀደመ በ«፡፡» የተጻፈው አራት ነጥብ ሁሉ ከሰነዱ ይጠፋል። ነጠላው እንዲያውም በጅምላ አይነካም፤ «ከጠዋቱ 2፡30» እና «ጉዳዩ፡-» ላይ በቦታው ነው ያለው።

3. ክልከላው። «ማክሮ ቫይረስ ነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ጉዳት ያደርሳል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኮንሴፕት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ሜሊሳ የተባሉት የማክሮ ቫይረሶች እውነት ነበሩ፤ የመጡት ግን ሌላ ሰው በላከው ፋይል ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍትም በ2022 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮ እንዳይነሳ አግዷል። ሠራተኛው በራሱ ኮምፒውተር የቀረጸው ማክሮ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ልዩነቱን ሳይለይ ሁሉንም የሚከለክል መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ለከንቱ ድካም ይዳርጋል። ሥልጠና ይጠራል፣ አበል ይከፈላል፣ ትምህርቱ ግን ፊደል ማድመቅና ሠንጠረዥ መሥራት ላይ ያበቃል። ከዚያ ጸሐፊዋ ረጅም ሪፖርት ገጽ በገጽ፣ ነጥብ በነጥብ ስትለቅም ታመሻለች፤ አለቃውም ይህን ትጋት ይለዋል። ትጋት አይደለም፤ መሣሪያ መነፈግ ነው።



ማክሮ ከመነሳቱ በፊት ፋይሉ ኮፒ ይደረግ። የቢሮ ክልከላም ከውጭ በመጣ ፋይል ላይ ብቻ ይሁን።