በቀትር የመሸባት ከተማ

በፒትስበርግ ቤተ መዛግብት ከተቀመጡ ፎቶግራፎች አንዱ በ1940ዎቹ አካባቢ የተነሣ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው መሃል ከተማ፣ የሊበርቲና የአምስተኛው ጎዳና መገናኛ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። የመንገድ መብራቶቹ ግን አልጠፉም፤ ሰማዩም ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰዓቱን ያላወቀ ሰው ሌሊት የተነሣ ነው ይላል። በዚያ ዘመን በፒትስበርግ ቀትር ላይ መብራት የሚበራበት ቀን ነበር። ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ የቢሮ ሠራተኛም ከሰዓት በኋላ የሚቀይረው ሌላ ሸሚዝ ይዞ ከቤቱ ይወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው የብረት ፋብሪካው ብቻ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ጥፋቱ ግን የብዙዎች ነበር፤ መፍትሔ የተገኘውም ይህ ከታመነ በኋላ ነው።

ፒትስበርግ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ የአሌጌኒና የሞኖንጋሄላ ወንዞች ተገናኝተው ኦሃዮ በሚሆኑበት ቦታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ኮረብታ ነው፤ በኮረብታው ውስጥ ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ከሰል ንብርብር አለ። ከከተማው ማዶ ያለው፣ ዛሬ ማውንት ዋሽንግተን የሚባለው ኮረብታ የቀድሞ ስሙ «የከሰል ኮረብታ» ነበር። ከሰሉ ቅርብና ርካሽ ስለነበር የማያነደው አልነበረም። የብረት ማቅለጫው፣ ባቡሩ፣ የወንዝ መርከቡ፣ ሆቴሉ፣ እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ያነደው ነበር።

የአካባቢው ከሰል ቢቱሚነስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሲሞቅ በመጀመሪያ ከውስጡ ጋዝና ሬንጅ መሰል ተን ይወጣል። ተኑ በቂ አየርና በቂ ሙቀት ካገኘ ይነዳል፤ ካላገኘ ጥላሸት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ትልቅ የፋብሪካ እቶን ባለሙያ ከጠበቀው ተኑን አቃጥሎ ሊጨርሰው ይችላል። የቤት ምድጃ ግን ማታ ከሰል ይታከልበትና አየሩ ተዘግቶ ሲጨስ ያድራል። በብርዱ ወራት ጧት ጧት ሰማዩን የሚያጨልመው ጭስ ከፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ከየቤቱም የሚወጣ ነበር።

በዚህ ላይ የመሬቱ አቀማመጥ ይጨመራል። እንደወትሮው ከሆነ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሞቃት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ግን መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከሥር ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት አየር ይሆናል። ሳይንቲስቶች ኢንቨርዥን ይሉታል። ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ጭሱ ከጣሪያው ሥር ተከማችቶ ዓይን እንደሚያቃጥል ሁሉ፣ የሸለቆው ጭስም ፀሐይዋ በርትታ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ እዚያው ይታመቃል።

እይታን የሚጋርደው እንዴት ነው? ሩቅ ያለ ኮረብታ የሚታየን ከጀርባው ካለው ሰማይ ጠቆር ስለሚል ነው። በመካከል ያለው ጥላሸት ብርሃኑን ይውጠዋል። በከሰሉ ውስጥ ካለው ሰልፈር የሚፈጠሩት ጥቃቅን ብናኞች ደግሞ የፀሐይን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ የተበተነው ብርሃን በዓይናችንና በኮረብታው መካከል ገብቶ ኮረብታውን ያነጣዋል። በኮረብታውና በሰማዩ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 2 በመቶ ሲወርድ ዓይናችን መለየት ያቅተዋል። ብርሃንን በመበተን ብርቱዎቹ ትላልቆቹ የአቧራ ቅንጣቶች አይደሉም። ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር የሚያንሱት ናቸው፣ መጠናቸው ለብርሃን ሞገድ ስለሚቀርብ። እነዚሁ ደቃቆች ናቸው ወደ ሳንባ ጥግ ዘልቀው የሚገቡት። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ደግሞ ውኃ እየሳቡ ያብጣሉ፤ እይታውም ይብስበታል።

በዚያ ዘመን ጭስ የሚለካው በዓይን ነበር። ፈረንሳዊው ማክሲሚልየን ሪንግልማን በ1888 ያወጣው ካርድ ነበር መሣሪያው። በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመሮች እንደ መረብ ተሠምረዋል። ቁጥር 1 ላይ ጥቁሩ ከወረቀቱ 20 በመቶ ይሸፍናል፣ ቁጥር 2 ላይ 40 በመቶ፤ ቁጥር 5 ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። ካርዱ ራቅ ብሎ ሲሰቀል መስመሮቹ ተዋሕደው ግራጫ ይመስላሉ። ተቆጣጣሪው ካርዱንና ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን እያስተያየ ቁጥሩን ይመዘግባል። ቀላል ዘዴ ነው፤ ድክመቱ ጥቁሩን ብቻ መቁጠሩ ነው። ቀለም የሌለው የሰልፈር ጋዝ ከዚህ መለኪያ ያመልጣል።

ከሰው ዓይን የበለጠ ታማኝ ምስክር የሆኑት ወፎች ናቸው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ቀበቶ ባለፉት 135 ዓመታት ተይዘው በሙዚየም የተቀመጡ ከ1,000 በላይ ወፎችን መረመረ፤ ከሙዚየሞቹ አንዱ በፒትስበርግ የሚገኘው የካርኔጊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ወፎች በየዓመቱ ላባ ስለሚቀይሩ በላባቸው ላይ ያለው ጥላሸት የዚያ ዓመት ብቻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተያዙት ነጭ መሆን የነበረበት ሆዳቸው አመድማ ሆኖ ይታያል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ ላባቸው ነጣ ብሏል።

ለውጡ የጀመረው ከሌላ ከተማ ነው። ኖቬምበር 28 ቀን 1939 በሴንት ሉዊስ ቀኑ በጭስ ጨለመ፤ ከተማዋም በማግስቱ ዓመት ጥብቅ ሕግ አወጣች። ፒትስበርግ ያንን አይታ በ1941 የራሷን ደነገገች። ሰው ሁሉ ወይ ጭስ አልባ ነዳጅ ያነዳል፣ ወይ ከሰሉን ያለ ጭስ የሚያቃጥል መሣሪያ ያስገባል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አፈጻጸሙን አዘገየው። በ1946 ሥራ የጀመሩት ከንቲባ ዴቪድ ሎረንስ ግን በዚያው ዓመት በፋብሪካዎች፣ በ1947 ደግሞ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ተግባራዊ አደረጉት። ድሃው ርካሽ ከሰሉን በውድ ነዳጅ ለመተካት ተገደደ። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነበር፤ በ1949 ምርጫም በሎረንስ ላይ ተቃዋሚ አስነሣባቸው፣ እሳቸው ግን አሸነፉ። ከጦርነቱ በኋላ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ መጣ፣ ባቡሮችም ወደ ናፍጣ ዞሩ፤ ሕጉም ይበልጥ ቀለለ።

ሰማዩ የጠራው ፋብሪካው ስለተዘጋ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ዓመታቱ ይህን አይደግፉም። ጥቁሩ ጭስ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲገፈፍ የብረት ፋብሪካዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ የተዘጉት በ1980ዎቹ ነው። እንጀራና ንጹሕ አየር አብረው አይሄዱም የሚለውን አባባል ፒትስበርግ በተግባር ውድቅ አድርጋዋለች።

የማይታየው መርዝ ግን አልተወገደም ነበር። በኦክቶበር 1948፣ ሞኖንጋሄላ ወንዝ ዳር ባለችው በዶኖራ ከተማ፣ ለቀናት በቆየ ኢንቨርዥን ምክንያት የዚንክና የብረት ፋብሪካዎቹ ጋዝ በሸለቆው ታፈነ። የትምህርት ቤቱ ፉትቦል ጨዋታ አልተሰረዘም፤ ተመልካቹ ግን ኳሱን ማየት አልቻለም። ዝናብ መጥቶ አየሩን እስኪያጥበው ድረስ 20 ሰው ሞተ፤ ከ14,000 ነዋሪ ወደ 6,000 የሚሆነው ታመመ። ይህ አደጋ በ1955 ለወጣው የመጀመሪያው የፌዴራል የአየር ብክለት ሕግና ለ1970ው ጠንካራ ሕግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

ከፒትስበርግ በስተደቡብ የሚገኘው፣ ከድንጋይ ከሰል ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ኮክ የሚያመርተው የክሌርተን ፋብሪካ ዛሬም ይሠራል። በ2018 የገና ዋዜማ ተቃጥሎ የጋዝ ማጣሪያው ሲበላሽ የአካባቢው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን ለሳምንታት ከፍ ብሎ ቆየ፤ ሰማዩ ግን እንደ ድሮው አልጨለመም። ስለዚህ የምትኖሩበት ከተማ የአየር መለኪያ ካለው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢታያችሁም፣ ፒኤም 2.5 (ደቃቅ ብናኝ) እና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚሉትን ቁጥሮች ተመልከቱ።