ሶዶን ያስቆጣው የመማሪያ መጽሐፍ

በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተማሪዎችና መምህራን አደባባይ የወጡት በመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት ነበር። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ በዚሁም ቋንቋ መጻሕፍት ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ልጆች በቤታቸው ማንም የማይናገረው ቋንቋ ገጠማቸው። ወላጆችም ይህን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን እንደ መንጠቅ አዩት፤ ቁጣው ከትምህርት ቤት ግቢ አልፎ ከተማውን ያዳረሰው ለዚህ ነው። ተቃውሞው በኃይል ሲበተን የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ መምህራን ከሥራ ቦታቸው ተነሡ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቶች ተነሡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

እንዲህ አደባባይ ወጥቶ መቃወም ግን በሕግ የታወቀ መብት ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን ያረጋግጣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት የሰልፍ አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ማሳወቅ ፈቃድ መለመን አይደለም፤ ፖሊስ ሰልፈኛውንም መንገደኛውንም ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ ጊዜ መስጠት ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የወላይታ ዞን አመራሮች መታሰራቸውን ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ ግን ሰዎች በጥይት ተገድለዋል።