ካርዱ ታደሰ፣ እጁስ?

ማርክ ቪቪየን ፎን የማያውቅ የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ ካለ ሲቲን የወደደው ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ነው ማለት ነው። ካሜሩናዊው አማካይ ለሲቲ በሜይን ሮድ የመጨረሻዋን ጎል ያስቆጠረ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ ጁን 26 ቀን 2003 ሊዮን ላይ ካሜሩን በኮንፌዴሬሽን ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ሜዳው ላይ ተዘረረ። ሐኪሞች ብዙ ታገሉ፤ አልተነሣም። 28 ዓመቱ ነበር።

ፋብሪስ ሙአምባ ግን ተረፈ። እ.ኤ.አ በማርች 2012 ኋይት ሃርት ሌን ላይ የቦልተኑ አማካይ ሲወድቅ ከደጋፊዎች መሀል የልብ ሐኪሙ ዶክተር አንድሪው ዲነር ወደ ሜዳ ሮጦ ገባ። የልጁ ልብ ለ78 ደቂቃ በራሱ አልመታም። ያን ሁሉ ጊዜ ደሙን ያዘዋወረለት ደረቱን የሚጫነው የሰው እጅ ነው። ክርስቲያን ኤሪክሰንም እ.ኤ.አ ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቆ በዚሁ እርዳታ ተነሣ፤ በኋላም ለማንቸስተር ዩናይትድ ተጫወተ።

ሲፒአር የሚባለው ይኼ ነው። የደረት መሀል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ለሠለጠነ ሰው ከ30 ግፊት በኋላ 2 ትንፋሽ ይከተላል። ሲወራ ቀላል ነው። ሁለት ደቂቃ የሠራ ሰው ግን ላቡ ጠብ ይላል፣ ግፊቱም ሳያውቀው ይሳሳል። እርዳታ ሳያገኝ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የወደቀው ሰው የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ችግሩ ችሎታው መርሳትን የሚወድ መሆኑ ነው። ልምምድ ያቆመ ፍጹም ቅጣት ምት መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ እንደሚሰዳት ሁሉ፣ ሲፒአር የተማረ ባለሙያም ካልተለማመደ በጥቂት ወራት ውስጥ እጁ ይቀዘቅዛል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚሰጠው ካርድ በ2 ዓመት የሚቃጠለው ለዚህ ነው። እዚያ የአምቡላንስ ሠራተኛ ፈቃዱን ሲያሳድስ ያልተቃጠለ ካርድ ሊጠየቅ ይችላል። ለነገሩ 2 ዓመቱም ረጅም ነው የሚሉ አሉ።

በእኛ አገርም የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል። ጥሩ ነው። ግን አዳራሽ ተቀምጦ ስላይድ ያየ ሰውና አሻንጉሊት ላይ ተንበርክኮ ደረት የተጫነ ሰው እኩል የምስክር ወረቀት ይዘው ከወጡ ምን ዋጋ አለው? ቢያንስ የድንገተኛ ክፍልና የአምቡላንስ ባለሙያ በእጁ ሠርቶ ሳያሳይ ፈቃዱ ባይታደስ ጉዳቱ ለማን ነው?

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ስታዲየም ብቻ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ላይ አንድ ወጣት ኳስ ሲጫወት ቢወድቅ ትልቁ ሆስፒታል ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ቆሞ የቀረ ልብ ያን መንገድ አይጠብቅም። መጀመሪያ የሚደርስለት ወይ የጤና ጣቢያው ነርስ ነው ወይ አምቡላንሱ ላይ ያለው ባለሙያ። ከእነሱም በፊት ደግሞ አብሮት የሚጫወተው ተከላካይ አለ፤ እሱ ፈቃድ አያሳድስም፣ ደረት መጫን ግን በአንድ ከሰዓት ይማራል።