የሸማኔው የልጅ ልጅ ምን ይማር?



የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ቤት ተጋብዘን ነበር። ቡናው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ፣ የቤቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰውም ባይደርሰውም ምኞቱ የሞተር ጥገና መማር እንደሆነ ተናገረ። አባትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «አያትህ ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሸመነው፣ ያንተ እጅ በግራሶ እንዲጠቁር ነው?» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። እናት ግን፣ «እሱ ጉድጓድ አይደል እንዴ እኛን ያኖረን?» አሉ።

አባትየው ላይ አንፈርድባቸውም። በንጉሣውያኑ ዘመን በጎጃም ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት መሆን ስላልተፈቀደለት እንጀራው ንግድና ሽመና ነበር። መሬት የማግኘት መብት የመጣው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። «ሸማኔ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» የሚሉት ቃላት የሥራ መጠሪያነታቸው ቀርቶ ስድብ ሆነው ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ እስከማወጅ ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ከአፋችን ቢቀንስም ከልባችን የወጣ አይመስለንም። አባትየው ዲግሪን የሚሹት ከዚያ ስድብ ለመሸሽ ጭምር ነው። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ይሠሩ እንደነበር፣ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በመድረሳ የተማርን ሰዎች በዚህ ማፈራችን ግን ይገርመናል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ነበሩ። ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ያልፋሉ ብለን ያሰብንበት በር አልተከፈተላቸውም ማለት ነው። ስለ ሙያ የምንነጋገረው ያን ጊዜ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ሙያ ት/ቤትን የወዳቂ ማረፊያ ያደረግነው እኛው ነን። በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተካሄደው ግጭት ብዙ ት/ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ዓመታት ባክነውባቸዋል። ሃያ ዓመት ሞልቶት ገና 11ኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ምርጫውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

ሥራውስ አለ ወይ? ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ኬሚስትም፣ መሐንዲስም፣ ኤሌክትሪሺያንም፣ በያጅም ይፈልጋሉ። የገጠሩን ደግሞ ገበሬው ያውቀዋል። በመስኖ ወቅት የውኃ መሳቢያ ሞተር ከቆመ ቃሪያው ባለሙያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ አይጠብቅም። ወፍጮው፣ ባጃጁ፣ የበር ብረቱም እንዲሁ ነው።

ይህን ስንል ዲግሪን ማቃለላችን አይደለም። ሕክምና ወይም ሕግ የሚወድ ልጅ፣ ጭንቅላቱም ከቻለ፣ ማንም አይከልክለው። ሙያ ት/ቤትም ሁሉ አንድ አይደለም። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ሲሆን ከፊሉ በሥራ ቦታ የሚሰጥ ነው፤ በመጨረሻም የብቃት ምዘና አለው። ስለዚህ ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ልጁን ይዞ ወርክሾፑን ይመልከት። የብየዳው ማሽን ይሠራል ወይስ ለጉብኝት የተቀመጠ ነው? መብራት አለ? አንድ ሞተር ላይ ስንት ሠልጣኝ ይቆማል? ለልምምድ የሚላኩት የት ነው? ከምሩቃኑ ስንቱ ምዘናውን አለፉ? እጁ ቁልፍ ሳይነካ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሠልጣኝ፣ ሥራ አጥቶ ቤት ከተቀመጠው ባለ ዲግሪ የሚሻልበት ነገር የለም። ልጃገረዶችንም ከስፌትና ከፀጉር ሥራ ውጭ አልጠየቅናቸውም፤ ኤሌክትሪክ የምትወድ እህት የለችም ያለን ማን ነው?

ሌላው ምክራችን የጊዜ ነው። ይህ ውይይት 9ኛ ክፍል ላይ ይጀመር፤ ልጁ በዕረፍት ወራት ጋራዥ ወይም ክሊኒክ ውሎ የሚወደውን ይወቅ። ያኔ ውጤቱ ሲመጣ ሁለት በር ያለው ቤት ውስጥ ያገኘዋል።

ስንሰናበት አባትየው እስከ በር ሸኙን። «እስቲ ውጤቱ ይምጣ፣ ኢንሻ አላህ» አሉን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «ያ ያልከው ጋራዥ የት ነው ያለው?» ሲሉት ሰማን።