የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ፦ የመግዣ ዋጋ፣ የአጠቃቀም ወጪና የመልመድ ሂደት

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስለ መስማት የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ሪፖርት መሠረት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት መቀነስ አለባቸው። ከእነዚህም ውስጥ 430 ሚሊዮን ያህሉ ችግራቸው የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ የደረሰ ነው። ይሁን እንጂ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ቢያገኙ ሊጠቀሙ ከሚችሉት ሰዎች መካከል በእርግጥ የሚጠቀሙት 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህ ሰፊ ክፍተት ብዙውን ጊዜ በዋጋ ውድነት ብቻ ሲገለጽ ይስተዋላል። ዋጋ ዋነኛ እንቅፋት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ካልተገዛው በምንም አይሻልም።

በአገራችን የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ወደ ተጠቃሚው የሚደርስባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክሊኒኮች በኩል ይገዛል፤ አንዳንዱ ከሱቅ ላይ በቀላል ዋጋ ይገኛል፤ ሌላው ደግሞ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች ለወላጆቻቸው በሰው እጅ የሚልኩት ነው። በሦስቱም መንገዶች ገዢው የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ጥያቄ ቀድመውና ተከትለው መነሣት ያለባቸውን ጉዳዮች ማብራራት ነው። በቅድሚያ መሣሪያው የሚያሟላው ጉድለት ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ «ርካሽ» የሚለው ቃል በምን ሊለካ እንደሚገባ፣ በመጨረሻም መሣሪያውን መልመድ ምን እንደሚጠይቅ ይታያል።

የተጎዳ ጆሮ የሚያጣው ምንድን ነው?

በዕድሜ ወይም በከፍተኛ ጫጫታ ምክንያት የሚመጣ የመስማት መቀነስ በአብዛኛው ከቀጭን ድምፆች ይጀምራል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት፣ ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ቀድመው ይጎዳሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። በንግግር ውስጥ አናባቢዎች ወፍራምና ጉልህ ድምፅ ሲኖራቸው፣ እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉ ተነባቢዎች ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው። ስለዚህ ሰሚው «ፈራ» የሚለውን ከ«ሠራ»፣ «ፈላ» የሚለውን ከ«ሰላ» መለየት ይቸግረዋል። ብዙ አረጋውያን «ድምፁ ይሰማኛል፤ የሚባለው ግን አይገባኝም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ እንደ «አለ» (ተናገረ) እና «አለ» (ይገኛል) ያሉትን ቃላት የሚለየው የመጥበቅና የመላላት ልዩነት በድምፁ የቆይታ ጊዜ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ቀጫጭን ድምፆችን ብቻ ላጣ ሰው ከላይ እንደ ተጠቀሱት ተነባቢዎች ሊከብደው አይገባም። ይህም የአማርኛ ተናጋሪን የመስማት ችሎታ ለመመዘን ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ የቃላት ዝርዝር በቂ የማይሆንበትን አንዱን ምክንያት ያሳያል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይረቅቃል። የተጎዳ ጆሮ ደካማ ድምፅን አይሰማም፤ ከፍተኛ ድምፅ ግን ጤነኛውን ጆሮ በሚረብሸው መጠን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይረብሸዋል። በማይሰማውና በሚያሳምመው መካከል ያለው ርቀት ጠብቧል ማለት ነው። ለአያታቸው ጮኽ ብለው የተናገሩ ልጆች «ምነው ትጮሁብኛላችሁ?» የሚል ወቀሳ የሚሰሙት በዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ተገቢው መሣሪያ ሁለት ተግባራትን ማከናወን ይኖርበታል፤ አንደኛ፣ ድምፅን በጎደለው የድምፅ ቅጥነት ላይ ለይቶ ማጉላት፤ ሁለተኛ፣ ደካማውን ድምፅ ብዙ፣ ከፍተኛውን ግን ጥቂት ብቻ ማጉላት። የኋለኛው ተግባር የድምፅ ጨመቃ ይባላል።

ማጉያና የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ

በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ ተራ የድምፅ ማጉያዎች ናቸው። በመልክ ከመስሚያ አጋዥ መሣሪያ አይለዩም፤ ሁሉንም ድምፅ በእኩል ስለሚያጎሉ ግን የሳህን መንኳኳትና የመኪና ጡሩንባ ሲያስጨንቁ «ስ» እና «ፍ» እንደ ተድበሰበሱ ይቀራሉ። የከፍተኛ ድምፅ ወሰን ከሌላቸው ደግሞ የቀረውን የመስማት አቅም ሊጎዱ ይችላሉ።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልምድ ትምህርት ሰጪ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያወጣው ደንብ ከጥቅምት 17 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቀላል ወይም መካከለኛ የመስማት መቀነስ እንዳለባቸው የሚሰማቸው ሰዎች ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መሣሪያ እንዲገዙ ፈቅዷል። ደንቡ የመሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ ከ111 ዲሲቤል፣ የድምፅ ጨመቃ ላለው ደግሞ ከ117 ዲሲቤል እንዳይበልጥ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ይኸው አስተዳደር የአፕልን ኤርፖድስ ፕሮ 2 ወደ መስሚያ አጋዥነት የሚቀይር ሶፍትዌር መፍቀዱ የዚሁ አቅጣጫ ቀጣይ እርምጃ ነበር።

ባለሙያ ያላስተካከለው መሣሪያ ይጠቅማልን? በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ተሳታፊዎችን በዕጣ በሦስት ከፍሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በባለሙያ የተስተካከለ መሣሪያ፣ ሁለተኛዎቹ አስቀድመው ከተዘጋጁ አማራጮች ራሳቸው የመረጡትን፣ ሦስተኛዎቹ ደግሞ ድምፅ የማይጨምር መሣሪያ ተሰጣቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች በንግግር መስማት ተቀራራቢ ጥቅም አገኙ። ነገር ግን ከሙከራው በኋላ መሣሪያውን ለመግዛት የፈለጉት በባለሙያ ከታገዙት 81 ከመቶ ሲሆኑ፣ ራሳቸው ከመረጡት 55 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶርያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ጥናትም በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ተጠቃሚው ራሱ ያስተካከለው መሣሪያ በስድስት ሳምንት ውስጥ ባለሙያ ካስተካከለው ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። ከሁለቱ ጥናቶች የምንረዳው፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው መሣሪያ በትክክል ከተሠራ ቀላልና መካከለኛ ችግር ላለበት አዋቂ እንደሚያገለግል ነው። የባለሙያው ድርሻም ድምፁን በማስተካከል ብቻ እንደማይወሰን፣ ተጠቃሚው በመሣሪያው እንዲጸናም እንደሚረዳ የመጀመሪያው ጥናት ያመለክታል።

«ርካሽ» በምን ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስና ቴክኖሎጂ አማካሪዎች ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት የአንድ መሣሪያ አማካይ ዋጋ 2,363 ዶላር ነበር። በአገሪቱ በተለመደው አሻሻጥ እንዲህ ያለው ዋጋ ምርመራውን፣ ማስተካከያውንና ክትትሉን አጣምሮ የሚይዝ ነው። ሣጥኑን ብቻ በርካሽ የገዛ ሰው እነዚህን አገልግሎቶች አብሮ እንዳልገዛ ማስተዋል አለበት። ስለሆነም ትክክለኛው መለኪያ መሣሪያው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ውስጥ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው።

ለአብነት ባትሪን እንውሰድ። ብዙ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚንክና በአየር በሚሠራ ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። አንዱ ባትሪ 10 ቀን ቢቆይ፣ በሁለቱም ጆሮዎች ለሚጠቀም ሰው በዓመት 73፣ በአምስት ዓመት ደግሞ 365 ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። ባትሪዎቹ በመጠን የሚለዩ ሲሆኑ በቀለም ምልክት ይታወቃሉ፤ ቁጥር 10 ቢጫ፣ ቁጥር 312 ቡናማ፣ ቁጥር 13 ብርቱካናማ፣ ቁጥር 675 ሰማያዊ ናቸው። ከውጭ የተላከ መሣሪያ የሚወስደው ቁጥር በአካባቢው ገበያ የማይገኝ ከሆነ ስጦታው የሚያገለግለው አብረውት የተላኩት ባትሪዎች እስኪያልቁ ብቻ ነው። በተጨማሪም ይህ ባትሪ የሚሠራው የአየርን ኦክስጅን ተጠቅሞ በመሆኑ፣ ላዩ ላይ ያለው ተለጣፊ ከተነሣ በኋላ ባይሠራበትም መዳከሙ አይቀርም። ተለጣፊው እንደተነሣ ጥቂት ደቂቃ አየር እንዲያገኝ ማድረግም ይመከራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ አየሩም በበጋ ደረቅ ስለሚሆን፣ አምራቾች ማሸጊያው ላይ የሚጽፉትን የአገልግሎት ጊዜ እንደ ዋስትና መውሰድ አያስተማምንም።

በኤሌክትሪክ የሚሞላው ዓይነት ከባትሪ ግዢ ያድናል። ይሁን እንጂ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለቀኑ ሳይሞላ የሚቀርበት ጊዜ ይኖራል፤ የውስጡ ባትሪ ከዓመታት በኋላ ሲደክምም መቀየር የሚችል የጥገና ቦታ ይጠይቃል። በቦትስዋና ኦትሴ መንደር የተጀመረው በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ያለው መሣሪያ ሥራ ለዚሁ ችግር የተሰጠ አፍሪካዊ ምላሽ ነበር። ከኃይል ምንጩ ሌላ ከጆሮ ጋር የሚገናኙት የጎማ ጫፎች፣ የኩክ መከላከያ ማጣሪያዎችና ድምፅ አስተላላፊ ቱቦዎች በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ዋጋቸው ትንሽ ቢሆንም አለመገኘታቸው ግን መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ያስቆመዋል።

ከግዢ በፊት መታየት ያለባቸው ነጥቦች

ከሁሉ አስቀድሞ የጆሮ ምርመራ ይቀድማል። በኩክ መደፈን ምክንያት የቀነሰ መስማት መሣሪያ ሳይሆን ጽዳት ነው የሚያስፈልገው። የሚመግል ጆሮ በቅድሚያ መታከም ይኖርበታል፤ ቀዳዳውን የሚደፍን መሣሪያ እርጥበቱን አፍኖ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላልና። በቀናት ውስጥ በድንገት የጠፋ መስማት፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የተከሰተ መቀነስ፣ ማዞር ወይም ሕመም ያለበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ሕፃናትን በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ የቋንቋ እድገታቸውን የሚወስን በመሆኑ በግምት የተገዛ መሣሪያ በምንም ዓይነት አይመከርም።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ገዢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። መሣሪያው በምርመራው ውጤት መሠረት በየድምፅ ቅጥነቱ ሊስተካከል ይችላል? የከፍተኛ ድምፅ ወሰን አለው? የሚወስደው ባትሪ በአቅራቢያ ይሸጣል? የሙከራ ጊዜ አለው? ችግር ቢፈጠር የሚያስተካክለው ማን ነው? ለአረጋዊ ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ጣታቸው ባትሪውን ለመለወጥ፣ ዓይናቸውም ቁልፉን ለመለየት ይችላል? ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ተለቅ ያለ መሣሪያ ከማይታየው ጥቃቅን መሣሪያ ይልቅ ለብዙዎች የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው።

መልመድ ምን ይጠይቃል?

መነጽር እንደተደረገ ዓይን ያያል፤ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። ለዓመታት ጸጥ ካለ ዓለም ጋር የተስማማ አእምሮ የእግር ኮቴን፣ የወረቀት ኮሽታንና የማቀዝቀዣ እምታን እንደገና ችላ ማለት መማር አለበት። ይህ የመልመድ ሂደት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ተመራማሪዎች ሲከራከሩበት ቆይተዋል። ስቱዋርት ጌትሃውስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት የመሣሪያው ጥቅም ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ እየጎላ እንደሚመጣ አመልክቷል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ቃላትን በመለየት ረገድ የሚታየው ለውጥ ትንሽና ከሰው ሰው የሚለያይ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ተጠቃሚውን «ታገሥ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ማለት ብቻውን በቂ ምክር አይሆንም። በትዕግሥት የሚያልፈውን ቅሬታ ማስተካከያ ከሚጠይቀው መለየት ያስፈልጋል።

የተለመዱ ድምፆች መጉላታቸውና የመሣሪያው በጆሮ ላይ መሰማት በአብዛኛው ከሳምንታት በኋላ ይለዘባል። በአንጻሩ የማያቋርጥ ፉጨት ጫፉ ከጆሮው ጋር በልኩ አለመግጠሙን፣ አልያም ጆሮው በኩክ መሞላቱን ያመለክታል። የራስ ድምፅ በጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው መስሎ መሰማት ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ በመደፈኑ የሚመጣ ሲሆን፣ አየር በሚያስገባ ጫፍ ሊቃለል ይችላል። ሕመምና ቁስል ደግሞ ፈጽሞ ሊለመዱ የሚገባቸው አይደሉም።

ልምምዱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥ ባለ ቤት ለጥቂት ሰዓታት፣ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይበቃል። ቀጥሎ ሁለትና ሦስት ሰዎች ባሉበት የቡና ሰዓት፣ ከዚያም በዕድር ስብሰባና በታክሲ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ዓላማው ግን መሣሪያውን ለልዩ አጋጣሚ ማስቀመጥ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ወደ መጠቀም መሸጋገር ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደረግ መሣሪያ ሁልጊዜ እንግዳ እንደሆነ ይኖራልና።

ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። በገላጣ ቦታ በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ስለሆነም ከሌላ ክፍል ከመጣራት ቀርቦ መናገር ማንኛውም መሣሪያ ከሚሰጠው በላይ ሊጠቅም ይችላል። መጮኽ ቃላቱን ያዛባል፤ ረጋ ብሎ ፊትን እያሳዩ መናገር ግን ያቀናቸዋል። በጫጫታ መካከል አንዱን ድምፅ ከሌላው መለየት ለውድ መሣሪያም ቢሆን አስቸጋሪ መሆኑን ሁሉም ወገን ቢረዳ፣ ያለ ቦታው ከሚመጣ ተስፋ መቁረጥ ይድናል።

ማጠቃለያ

የመልመዱ ጉዳይ ከምቾት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውና ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 ሰዎችን ለሦስት ዓመታት የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ የአእምሮ ብቃት ልዩነት አላገኘም፤ ለአእምሮ መዳከም ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ግን የመስማት እርዳታ የመዳከሙን ፍጥነት በ48 ከመቶ ቀንሶታል። በጥናቱ የተሰጠው እርዳታ መሣሪያውን ከተከታታይ ምክርና ድጋፍ ጋር ያጣመረ እንደነበር ልብ ይሏል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ መደምደሚያ ሁለት ነው። ገዢው ገንዘቡን ሲመድብ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን ለምርመራ፣ ለባትሪና ቢያንስ ለአንድ የማስተካከያ ቀጠሮ ድርሻ ሊተው ይገባል። መሣሪያ የሚያድሉ ተቋማትና ይህን መስክ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ስኬትን በታደለው ቁጥር ሳይሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ በየቀኑ ስንት ሰዓት ጆሮ ላይ እንደሚውል ቢለኩት ለእውነታው ይቀርባሉ።