ጦስኝና የስኳር በሽታ

ከላስታ ደጋ እስከ ሱቃችን የሚደርሰው የአበሻ ጦስኝ፣ በዱር ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ቅጠል ነው። ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫነቱ የታወቀ ነው፤ የደም ስኳር ያወርዳል የሚባለው ግን በአብዛኛው በአይጥ ላይ ከተደረገ ምርምር አላለፈም። ዕፅን መናቅ አይገባም፤ የሜትፎርሚን መነሻ እንኳ ጋሌጋ የተባለው የአውሮፓ ተክል ነው።

ይሁን እንጂ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የጎንደር ጥናት እንዳመለከተው፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወፍራም ባለጸጎች ሳይሆኑ ቀጫጭን ድኾች ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ለይቶታል። ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው መርፌውን በጦስኝ ሻይ ቢተካ ሕይወቱን ያሰጋዋል፤ ስለዚህ ባለሱቁ በእሽጉ ላይ «ጦስኝ» ብሎ ይጻፍ እንጂ «የስኳር መድኃኒት» አይበል።